አፈር ላይ የቆመ ውሃ

ነርስ ምስራቅ ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ ተዛውራ ዕቃዋን ባስጫነች ቀን፣ አልጋውም ቁምሳጥኑም መኪና ላይ ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ መላ ያልተገኘላቸው ሰባት ዓሦች ብቻ ቀሩ። ጋፒ ይሏቸዋል። ከትንሿ ጣት አይበልጡም፤ ጅራታቸው ግን እንደ ሐር መሀረብ የተዘረጋ ነው። ምስራቅ ሁለት ዓመት ሙሉ በፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ፣ በሶላር በምትሠራ አንዲት የአየር ፓምፕ አኑራቸዋለች። ፓምፗ በዚያው ሳምንት ተቃጠለች። እንዲህ ያለው ዕቃ ደግሞ ሰቆጣ ላይ ሱቅ ገብተው የሚገዙት አይደለም።

ስለዚህ ዓሦቹን በትልቅ የማር ብርጭቆ ይዛ የጎረቤቷን የጋሽ አብዱሰመድን በር አንኳኳች።

«ጋሽ አብዱሰመድ፣ አደራ ይዤ መጣሁ» አለች።

ጋሽ አብዱሰመድ ብርጭቆውን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ልጄ፣ ሌላ ነገር አምጪ። በግም ይሁን ላም አሳድርልሻለሁ። ይሄን ግን እኔ ቤት አታስገቢው።»

«እርስዎ እኮ ትልቅ መስታወት አለዎት። በሰፈሩ ከእርስዎ ሌላ ዓሣ የሚያውቅ ሰው የለም።»

«ማወቄ ነው እምቢ የሚያሰኘኝ» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ጋሽ አብዱሰመድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው ሱቁን ለልጃቸው ለዓሲያ ሲለቁ፣ ሥራ ፈትተው እንዳይተክዙ ብሎ አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ሚፍታሕ አንድ አኳሪየም ልኮላቸው ነበር። ሰፊ መስታወት፣ በመብራት የሚሠራ ፓምፕ፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ባለቀለም ጠጠር፣ አሥራ ሁለት ቀያይ ዓሦች። መጀመሪያ «ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው» ብለው ቀለዱበት። ከወር በኋላ ግን ከሶላት ተመልሰው ፊቱ ሳይቀመጡ ቁርስ የማይበሉ ሆኑ።

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። ጦርነቱ መብራቱን ይዞት ሄደ፣ ፓምፑ ቆመ። ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ እየከፈቱ አየር ሲለምኑ ጋሽ አብዱሰመድ ኩባያ አነሡ። ውሃውን እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሳሉ፤ ይቀዳሉ፣ ያፈሳሉ። ውሃ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል ብሎ ሚፍታሕ ነግሯቸው ነበር። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ አደረጉ። ክንዳቸው አበጠ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የቀትሩን ዙሁር ሰግደው ጥቂት ጋደም ቢሉ እንቅልፍ ጣላቸው፤ ለአሱር ሶላት ሲነቁ አሥራ ሁለቱም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል።

ያን ዕለት አለቀሱ፤ ግን ለማንም አልተናገሩም። ሰው በሚያልቅበት ጊዜ ለዓሣ አለቀሰ ቢባሉ ምን ይመልሳሉ? መስታወቱን አጥበው፣ በጆንያ ሸፍነው ዕቃ ቤት አስገቡት፤ ከዚያ ወዲህ የዓሣ ነገር በቤቱ አልተነሣም።

ምስራቅ ይህን ሁሉ አታውቅም። የምታውቀው ባለፈው ዓመት ሳምባ ምች ይዟቸው በተኙ ጊዜ አሥር ቀን ሙሉ ከሥራ በፊት እየመጣች መርፌ መውጋቷን ነው። እሷ አላነሣችውም፤ እሳቸው ግን አልረሱትም። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ፣ እሷም እንባዋ ሲመጣ፣ እጃቸው ሳያዙት ወደ ብርጭቆው ተዘረጋ።

«አንድ ወር ብቻ» አለች። «ቤት ስይዝ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።»

ዓሲያ ዓሦቹን ከብርጭቆው ወደ ባልዲ አዛወረቻቸው። በማግስቱ ጠዋት ከሱቅ ወደ ጓዳ ብቅ ስትል አባቷ ባልዲው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ኩባያ ይዘዋል። ይቀዳሉ፣ ያፈሳሉ። ዓሲያ ወደ ሱቋ ተመልሳ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን የኔሰው የሚባል ሰው የዝናብ ልብስ ሊገዛ ሱቅ መጣ። ጽጽቃ የሚሠራ የዓሣ ባለሙያ ነው፤ በተከዜ ሐይቅ ዳር ካሉት ዓሣ አጥማጆች ጋር ይውላል። አማርኛው በኽምጣኛ አፉን የፈታ ሰው ለዛ አለበት። ዓሲያ ስታየው የያዘችውን ጨርቅ ጣለች።

«አንተ የዓሣ ሰው አይደለህም? የዝናብ ልብሱ ይቆይህ፤ አስቀድመህ አባቴን አድንልኝ።»

ዓሲያ የድሮውን መስታወት ነገር እየነገረችው የኔሰው ጓዳ ገብቶ ሽማግሌውን አያቸው።

«ጋሽ አብዱሰመድ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አየር እየሰጠኋቸው።»

«የተከዜን ውሃ ማን አየር ይሰጠዋል?»

«እሱንማ አላህ ነዋ!»

«አላህ በምን አድርጎ ነው የሚሰጠው?»

ጋሽ አብዱሰመድ ኩባያውን ዝቅ አደረጉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋቸው የሚያውቅ የለም።

«ይነሡ» አለ የኔሰው፣ «አንድ ነገር ላሳይዎ። ዓሲያ እስክንመለስ ኩባያውን ትይዝልዎታለች።»

ከከተማው በታች ወዳለችው ምንጭ ወረዱ። ምንጯ ከድንጋይ ሥር ወጥታ ትንሽ ኩሬ ትሠራለች። ሥሯ ጭቃ ነው፤ ከጭቃው ላይ ረጃጅም የውሃ ሣር በቅሏል፤ ውሃው ግን እንደ መስታወት የጠራ ነው። ፀሐይ ወጥታ ነበርና የኔሰው «ቅጠሉን በደንብ ይዩት» አላቸው። ጋሽ አብዱሰመድ ጎንበስ አሉ። በየቅጠሉ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረፋ ተቀምጣለች፤ አንዷ ትነሣና ወደ ላይ ትወጣለች፤ ወዲያው በቦታዋ ሌላ ትቀመጣለች።

«ፓምፑ ያ ነው» አለ የኔሰው። «ዓሣው የሚጥለውን ቆሻሻ ሣሩ ይበላዋል፤ ሣሩ ደግሞ የዓሣውን ትንፋሽ ይሰጣል። ሣሩ እንዲበረታ ሥሩ አፈር ማግኘት አለበት። የእርስዎ መስታወት ከሥሩ ምን ነበረው?»

«የሚያብረቀርቅ ጠጠር።»

«ጠጠር ማንን ያበላል?»

  ጋሽ አብዱሰመድ ጫማቸውን አወለቁና ሱሪያቸውን ሰብስበው ሣሩን ከነሥሩ ለመንቀል ውሃው ውስጥ ገቡ።

ዕቃ ቤት የከረመው መስታወት ወጥቶ ተጠረገ። የኔሰው ያን ቀን ወደ ጽጽቃ መመለሱን ትቶ አብሯቸው ዋለ። አፈሩን ከጓሮው ጥግ ቆፈሩት፤ ማዳበሪያም ፍግም የነካው እንዳይሆን ብሎ ቦታውን የመረጠው እሱ ነው። «ፍግ ውሃ ውስጥ ከገባ ዓሣውን ይመርዘዋል» አለ። አፈሩን በወንፊት ነፉት፤ ከዚያ በሳፋ ዘፍዝፈው የተንሳፈፈውን ገለባና የሥር ብጥስጣሽ እየገፈፉ ደፉት። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ። የረጋውን ጭቃ ሁለት ጣት ያህል ከመስታወቱ ሥር ለቀለቁት፤ በላዩ ደግሞ ውሃው ጥርት እስኪል የታጠበ የወንዝ አሸዋ ሁለት ጣት አለበሱት።

«አሸዋው ክዳን ነው» አለ የኔሰው። «አፈሩ ተነሥቶ ውሃውን እንዳያደፈርስ ይይዘዋል።»

ሣሩን አንድ በአንድ፣ ልክ ጎመን እንደሚተከል፣ ሥሩን አሸዋው ውስጥ በጣታቸው እየገፉ ተከሉት። ጋሽ አብዱሰመድ በመሐል በመሐሉ ክፍተት ሊተዉ ሲሉ የኔሰው «አይ፣ ይጠጋጋ፤ እዚህ ላይ መሰሰት የለም» አላቸው።  ውሃው አሸዋውን እንዳይቆፍረው ሳህን አስቀምጠው፣ በሳህኑ ላይ ቀስ እያሉ አፈሰሱ፤ ሲሞላም ከምንጯ ያመጡትን፣ የምስር ክክ የምታካክል ተንሳፋፊ ቅጠል ከላይ በተኑበት።

የቧንቧ ውሃ በሰፈሩ የሚመጣው በአምስት ቀን አንዴ ነው። ጋሽ አብዱሰመድ ጀሪካኑ እየተገለበጠ ሲሄድ ልባቸው አልቻለም።

«ጎረቤት ወረፋ ይዞ በሚያድርበት ውሃ ዓሣ ማጫወት ነውር አይደለም ወይ?»

«አንዴ ከሞላ በኋላ የሚተነውን በጆግ መተካት ነው እንጂ በየሳምንቱ የሚደፋ ውሃ የለም» አለ የኔሰው። «የሚጨምሩበትም ክሎሪኑ እንዲወጣለት ሁለት ቀን ክፍት ይደር።»

መስታወቱን የጠዋት ፀሐይ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ በምታገኘው መስኮት ሥር አኖሩት። ጋሽ አብዱሰመድ ወዲያው ባልዲውን ሊያነሡ ሲሉ የኔሰው እጃቸውን ያዘ።

«ገና ነው። አፈሩ ይርጋ፤ ሥሩ ይያዝ። ሦስት ሳምንት።»

«ሦስት ሳምንት በባልዲ?»

«ሣር ጣል ያድርጉበት። ግማሹን ውሃ በየሁለት ቀኑ ይለውጡ። ምግብ አያብዙ።» ይህን ብሎ የዝናብ ልብሱን ይዞ ወደ ጽጽቃ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ውሃው የሻይ መልክ ያዘ። በስምንተኛው ቀን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መሟሟት ጀመረ፤ ቤቱም ረግረግ ረግረግ ሸተተ። ዓሲያ መስኮቱን ከፍታ ትተዋለች። በዘጠነኛው ቀን ደግሞ ከባልዲው ዓሦች አንዱ፣ ያ ሰማያዊ ጅራት ያለው፣ ሞቶ ተገኘ።

ጋሽ አብዱሰመድ በወረቀት ጠቅልለው ጓሮ ቀበሩት። ተመልሰው ወደ ሳሎን ሲገቡ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል።

«ሁሉንም አወጣዋለሁ» አሉ። «እኔ ለነፍስ የምሆን ሰው አይደለሁም። ለምስራቅም ደውዬ እውነቱን እነግራታለሁ።»

«አባ፣ አስቀድመው ለየኔሰው ይደውሉ።»

ደወሉ። ኔትወርክ የለም። እንደገና ደወሉ፤ ሰባት ጊዜ ደወሉ። በስምንተኛው የኔሰው አነሣው፤ ከበስተኋላው ነፋስ ይሰማል።

«ጭቃ ነው የሠራነው!» አሉ ጋሽ አብዱሰመድ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። «ቅጠሉ በስብሷል፣ ውሃው ጠቁሯል፣ አንዱ ዓሣ ሞቷል!»

«የሞተው ባልዲው ውስጥ ነው ወይስ መስታወቱ ውስጥ?»

«ባልዲው ውስጥ ነዋ። መስታወቱ ውስጥማ ማን ገባ!»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ የኔሰው ከልቡ። «አሁን የምጠይቅዎትን ይመልሱልኝ። ችግኝ ከመደብ ነቅለው ሌላ ቦታ ሲተክሉት መጀመሪያ ምን ይሆናል?»

«ይጠወልጋል። ቅጠሉን ይጥላል።»

«ያኔ መሞት አለመሞቱን በምን ያውቃሉ?»

«ሥሩን አይቼ።»

«እንግዲያው ይዩት። በመስታወቱ ጎን፣ ከታች።»

ጋሽ አብዱሰመድ ስልኩን በጆሯቸው እንደያዙ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ፤ ጉንጫቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ። አሸዋውና አፈሩ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነጫጭ ክሮች አዩ። ከፈትል የቀጠኑ ክሮች ናቸው፤ አሸዋውን አልፈው ጥቁሩ አፈር ውስጥ ገብተዋል። አንድ ሁለት አይደሉም፣ በየቦታው ነው።

«አየሁት» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጄ፣ አየሁት። ይዟል።»

«የበሰበሰውን ቅጠል ይልቀሙ፣ ግማሹን ውሃ ይለውጡ፣ ሌላውን አይንኩ። የሚቀዱትን ውሃ ለጓሮ ቃሪያው ያጠጡት፤ ይወደዋል።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ መልኩን ቀየረ። በበሰበሰው ፈንታ ለጋ ቅጠል ወጣ፤ መጀመሪያ የመርፌ ጫፍ፣ ቀጥሎ የጥፍር ያህል። ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ከየት መጡ ሳይባሉ ታዩ፤ መስታወቱን እየላሱ ይዞራሉ። በሃያ አንደኛው ቀን ጋሽ አብዱሰመድ ከንጋቱ ሱብሒ በኋላ መስኮቱን ሲከፍቱ ፀሐይ ገባች፤ ውሃው ጥርት ብሏል፤ በቅጠሎቹም ላይ ያቺ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረፋ ተቀምጣለች።

መጀመሪያ አንዱን ዓሣ ብቻ አስገቡ። ከጠዋት እስከ መግሪብ ፊቱ ተቀምጠው ዋሉ። ዓሣው አፉን ወደ ላይ አልከፈተም። ሣሩ መሐል ገብቶ ወጣ፣ ከቀንድ አውጣ ጋር ተፋጠጠ፣ አሸዋውን ነካ ነካ አደረገ። በማግስቱ አምስቱን ጨመሩ።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የሰፈሩን ትራንስፎርመር መታው። መብራት ጠፋ፤ ሲጠበቅ ሲጠበቅ ስምንት ቀን ቆየ። ሰው ሁሉ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርግበት ቤት ፍለጋ ሲዞር፣ ጋሽ አብዱሰመድ በመጀመሪያው ጠዋት ኩባያ ይዘው አኳሪየሙ ፊት ቆሙ።

«አባ፣ ይሄ እኮ መብራት አይፈልግም» አለች ዓሲያ በለሆሳስ።

«አውቃለሁ» አሏት። ገና አላወቁትም ነበር። ልባቸው የሚያውቀው ያንን የድሮውን ነው። ዓሦቹ ግን እንደ ወትሮው ይዋኛሉ። እኩለ ቀን ሆነ፣ ይዋኛሉ። አሱር ሆነ፣ ይዋኛሉ። ኩባያው ደረቅ እንደሆነ ቀረ።

በአራተኛው ቀን አመሻሽ ላይ በረዶ ጣለ፤ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቤት ውስጥ መነጋገር አልተቻለም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ አብዱሰመድ ወደ መስታወቱ ሲቀርቡ አንድም ዓሣ የለም። ዞረው አዩ፤ የለም። ከላይ አዩ፤ የለም። 

«ዓሲያ!» ብለው ተጣሩ። «ዓሲያ፣ ነይ! እኔ ማየት አልችልም፤ አንቺ እይልኝ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዓሲያ ሮጣ መጥታ ተንበረከከች።  ከዚያ ሳቅ ሰሙ፤ የልጃቸው ሳቅ ነው።

«አባ፣ ይምጡ። በረዶው አስደንግጧቸው ሣሩ ውስጥ ተደብቀው ነው። ስድስቱም አሉ። ደግሞ… አባ፣ ይምጡና ይዩ!»

መጡ። ጣቷን ወዳስቀመጠችበት አተኩረው አዩ። ሣሩ በተጠጋጋበት፣ ከትልልቆቹ አፍ በራቀ ጥግ፣ የሰሊጥ ፍሬ የሚመስሉ ነገሮች ውሃው ውስጥ ተንጠልጥለዋል። ሰሊጥ ግን ዓይን የለውም። እነዚህ ዓይን አላቸው፤ ከዓይናቸው ኋላ ደግሞ የምትርገበገብ የሽፋሽፍት ቁራጭ የምታህል ጅራት። ዓሲያ አሥራ ሰባት ድረስ ቆጥራ ጠፋባት።

ጋሽ አብዱሰመድ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ደግመው አሉት፣ ደግመው። ያን ቀን ዙሁር ሰግደው ጋደም አሉ፤ ሳይባንኑ፣ ሕልም ሳያዩ ተኙ። ሲነቁ ለማየት እንኳ አልቸኮሉም፤ መጀመሪያ ለሶላት ታጥበው ውዱእ አደረጉ።

ምስራቅ ግን አንድ ወር ብላ ሁለት ወር ሆናት። አንድ ቀን እንኳ ደውላ ዓሦቹን አልጠየቀችም። «ረስታቸዋለች» አሉ ጋሽ አብዱሰመድ፤ በልባቸው ደግሞ ባትረሳቸውም ስለዚያ ሰማያዊ ጅራት ምን እንደሚሏት ያሰላስላሉ። እሳቸውም አልደወሉም።

አንድ ቅዳሜ ሳይታሰብ መጣች። ሻይ ቀረበላት። የአምደወርቅ ብርድ እንዴት እንደሆነ ነገረቻቸው፤ ስለ ቤት አከራይዋ ነገረቻቸው፤ ስለ መንገዱ ነገረቻቸው። እሳቸውም ስለ ዝናቡ ነገሯት፤ ስለ ሚፍታሕ ነገሯት፤ ስለ ቃሪያው ነገሯት። ሻዩ አለቀ። ሁለቱም ወደ መስኮቱ በኩል አይመለከቱም። ዓሲያ በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ምን ሆናችኋል እናንተ? ዓሦቹ እኮ እዚያ ናቸው!»

ምስራቅ አፏን በእጇ ያዘች። «አሉ እንዴ?»

«አንዱ ሞቶብኛል ልጄ» አሉ ጋሽ አብዱሰመድ ቀና ሳይሉ። «ሰማያዊው። ባልዲ ውስጥ ሳለ ነው። አደራሽን ሙሉ አልጠበቅሁም።»

«አንድ? አንድ ብቻ?» ምስራቅ እያለቀሰች ሳቀች። «እኔ እኮ ያለ ፓምፕ ጥያቸው ስሄድ በሳምንቱ ያልቃሉ ብዬ ነው ያሰብኩት። ልደውል ስልኩን አነሣለሁ፤ ‹ሞቱ› ብለው ሊነግሩኝ ሲጨነቁ ይታየኛል፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በሽማግሌ ላይ ኃጢአቴን ጭኜ ሄድኩ እያልኩ ሁለት ወር አልተኛሁም።»

«እኔም ብደውል የሞተውን ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነው» አሉ፤ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። በዚያ ቤት እንዲህ ሲስቁ ዓሲያ ከሰማች ብዙ ጊዜ ሆኗታል።

ምስራቅ ወደ መስኮቱ ሄዳ ተንበረከከች። ስድስቱም ትልልቆች አሉ፤ ልጆቹ ቀለም ማውጣት ጀምረዋል። ፓምፕ የለም፣ ገመድ የለም፣ የሚጮህ ነገር የለም። 

«ከእነዚህ ግማሹን ውሰጂ» አሉ ጋሽ አብዱሰመድ። «ዛሬ ግን አይሆንም። መጀመሪያ ቤታቸው ይሠራል። አምደወርቅ መስታወት ታገኛለሽ?»

«የመስኮት መስታወት የሚቆርጥ ሰው አለ፤ አሠራዋለሁ። አፈሩስ?»

«አፈሩን አሁን እንነፋዋለን።»

ወንፊቱንና ሳፋውን ይዘው ጓሮ ወጡ። ጋሽ አብዱሰመድ ቆፈሩ፤ ምስራቅ እጅጌዋን ሰብስባ ነፋች፤ ዓሲያም ሱቁን ዘግታ መጥታ ገለባውን ገፈፈች። አመሻሽ ላይ ምስራቅ ወደ መናኸሪያ ስትሄድ ከዓሦቹ አንድም አልያዘችም፤ የያዘችው ግማሽ ጆንያ አፈርና በፌስታል የተጠቀለለ እርጥብ ሣር ነው። ረዳቱ ጆንያውን ሚኒባሱ ላይ ሲጭን ከበደው።

«እህት፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«አፈር ነው» አለችው።

ረዳቱ አምደወርቅ አፈር ጠፋ ወይ ሊላት አስቦ፣ የፊቷን ፈገግታ ሲያይ ተወው። ሊሸኟት የመጡት ጋሽ አብዱሰመድ በሚኒባሱ መስኮት በኩል ሦስት ጣታቸውን አሳዩዋት፤ ሦስት ሳምንት ማለታቸው ነው። ምስራቅም ገብቶኛል ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ሚኒባሱም ተነሣ።